ጠጣር ውሃን የሚያለሰልሰው መሣሪያ

የቤት ውሃ ማለስለሻ በውሃ ውስጥ የሟሙትን ካልሲየምና ማግኒዥየም አስቀርቶ በምትካቸው ሶዲየም የሚለቅ መሣሪያ ነው። እነዚህ ሁለት ማዕድናት የበዙበት ውሃ ጠጣር ይባላል። መጠኑ በሊትር በሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይለካል፤ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ያለው በጣም ጠጣር ነው።

የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። ጠጣር የሚሆነው ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ነው። ከነገሌ ቦረና በስተምሥራቅ ባለው ቆላ፣ እንዲሁም የሶፍ ዑመር ዋሻ በሚገኝበት በባሌ፣ በጥንት ባሕር ሥር የተከማቸ የኖራ ድንጋይ በሰፊው አለ። ድሬዳዋም በጠጣር ውሃዋ ትታወቃለች። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናን አረፋ ይነሣዋል፤ ሲፈላ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ቦይለርን መብራት ያስበላል፤ ቧንቧንም ያጠባል።

የመሣሪያው ዋና ክፍል ሬዚን በተባሉ የፕላስቲክ እንክብሎች የተሞላ ሲሊንደር ነው። አብዛኞቹ እንክብሎች ከ1 ሚሊሜትር ያነሱ ሲሆኑ፣ አሉታዊ ሙል ስላላቸው የሶዲየም አዮኖችን ይዘው ይቆያሉ። ጠጣሩ ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ፣ ሬዚኑ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥብቆ ስለሚስብ እነሱን ይይዝና ሶዲየሙን ይለቃል። ለአንድ የካልሲየም አዮን ሁለት የሶዲየም አዮኖች ይወጣሉ።

ሬዚኑ ሲሞላ በጨው ይታደሳል። መጀመሪያ ውሃ ከታች ወደ ላይ ገብቶ ደለሉን ያጥባል። ከዚያ ከጎን ካለው በርሜል የጨው ብጥብጥ በሬዚኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሶዲየሙ በብዛቱ አሸንፎ ካልሲየሙን ያስለቅቃል፤ እጣቢውም ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በመጨረሻ ሬዚኑ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ለዚህ ንጹሕ ጨው ያስፈልጋል፤ ከቦረናው የኤል ሶድ ሐይቅ የሚወጣው ጭቃማ ጥቁር ጨው ለከብት እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ለምሳሌ በቀን 500 ሊትር ውሃ የሚጠቀም ቤት፣ የውሃው ጠጣርነት 300 ቢሆን፣ በየቀኑ 150 ግራም ማስወገድ ይኖርበታል። 25 ሊትር ሬዚን 1250 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ በየ8 ቀኑ መታደስ አለበት፤ ለአንዱ እድሳትም 3 ወይም 4 ኪሎ ጨው ይፈጃል።

መሣሪያው ግፊት ይፈልጋል። ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ዲናሞ መግጠም ግድ ይላል።

ማለስለስ ማጣራት አይደለም። ተህዋስያንን አይገድልም፤ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚበዛውን ፍሎራይድም ሆነ የውሃን ጨዋማነት አያስወግድም። ከላይ በተጠቀሰው ቤት በእያንዳንዱ ሊትር 140 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመራል። እንዲህ ያለው ውሃ ጨው እንዲቀንሱ ለተነገራቸው የደም ግፊት ሕሙማን አይመከርም፤ የጓሮ አትክልት አፈርም ያበላሻል። ጠጣር ውሃ መጠጣት ግን በራሱ ጤና አይጎዳም።

ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በሚገኝባቸው የቆላ ከተሞች፣ እድሳቱ ራሱ ውሃ የሚበላ በመሆኑ፣ ከመግዛት በፊት የውሃውን ጠጣርነት ማስመርመር ያስፈልጋል። መሣሪያው ከተገጠመም ለቦይለር፣ ለልብስና ለገላ ማጠቢያ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ ይሁን፤ የመጠጡና የጓሮው መስመር ሳይነካ ይቅር።