በመለኪያዎች መካከል የዘነበው ዝናብ

በክረምት ከሰዓት በኋላ ቦሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ሳሪስ አቦ ደረቅ ሆኖ ሊውል ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። የነጎድጓድ ደመና ዝናቡን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስፋት ላይ ነውና። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ግን በቁጥር የተወሰኑ ናቸው፤ ኦብዘርቫቶሪ፣ ቦሌና አቃቂ ከሚታወቁት መካከል ይጠቀሳሉ። በጣቢያዎች መካከል ለሚገኝ ሰፈር የዝናቡን መጠን የምናገኘው እንግዲህ በስሌት ነው። ውጤቱም የጎርፍ ማፋሰሻ ለሚነድፈው መሐንዲስና በአቃቂ ወንዞች ዳር ለሚኖረው ቤተሰብ ብርቱ ጉዳይ ነው።

የስሌቱ መሠረት ከርነል የሚባል ፈንክሽን ነው። ከርነል ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ በቁጥር ይገልጻል፤ በእኛ ጉዳይ ነገሮቹ ሁለት ቦታዎች ናቸው። በጋውስ ከርነል ርቀቱን «ስፋት» በምንለው ርዝመት አካፍለን ውጤቱን በራሱ እናባዛለን፤ ከዚያም 2.718ን በዚሁ ቁጥር ኔጌቲቭ ፓወር እናነሣለን። ርቀቱ ዜሮ ሲሆን መልሱ 1 ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ለማስረዳት ያህል፣ ከሳሪስ አቦ 4 ኪሎ ሜትር የሚርቅ መለኪያ 10 ሚሊ ሜትር፣ 8 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር መዘገቡ እንበል። ስፋቱን 4 ኪሎ ሜትር ብናደርግ ክብደቶቹ 0.37 እና 0.02 ይሆናሉ፤ ሚዛናዊ አማካዩም 11 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስፋቱን 16 ብናደርግ ግን ክብደቶቹ 0.94 እና 0.78፣ አማካዩ 19 ይሆናል። አንዱ መረጃ ሁለት መልስ ሰጠ! የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 8,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው።

ታዲያ ስፋቱን ማን ይወስናል? ራሱ መረጃው ነው። አንዱን ጣቢያ እንደሌለ ቆጥረን በቀሩት እንገምተዋለን፤ ግምቱን ከእውነተኛው ልኬት ጋር እናስተያያለን፤ ይህንንም ለየጣቢያው እየደጋገምን ስሕተቱ የሚያንስበትን ስፋት እንመርጣለን። ይህን ሳያደርጉ ውብ ካርታ ማተም፣ በእኛ አስተያየት፣ ሥዕል መሳል ነው።

ከላይ ያየነው አማካይ አንድ ጉድለት አለው፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መለኪያዎችን እንደ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ይቆጥራል። ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 የወርቅ ማዕድን መጠን ለመገመት የጀመረውን ሥራ ፈረንሳዊው ጆርጅ ማትሮን አዳብሮ «ክሪጊንግ» ብሎታል። በዚህ ዘዴ የመለኪያዎቹ የእርስ በርስ ከርነል በማትሪክስ ይደረደራል፤ ጎረቤታሞቹም ክብደቱን ይጋራሉ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ጣቢያዎቹ እጥፍ ሲሆኑ ማትሪክሱን የመፍታት ሥራ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ይኸው ስሌት በማሽን ለርኒንግ መጻሕፍት ውስጥ «የጋውስ ፕሮሰስ» ተብሎ ይገኛል።

የአገራችን መልክዓ ምድር ደግሞ አግድም ርቀት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከፍታም በከርነሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ክሪጊንግ ከግምቱ ጋር የስሕተቱን መጠን አብሮ ይሰጣል። ከርነሉ አንዴ ከተወሰነ ይህ መጠን የሚመሠረተው በመለኪያዎቹ አቀማመጥ ላይ እንጂ በዘነበው ዝናብ ላይ አይደለም። ስለዚህ አንድም ጠብታ ሳይወርድ፣ ቀጣዩ መለኪያ ሳሪስ አቦ ቢተከል ይሻል እንደሆነ አስቀድመን ማስላት እንችላለን።