የገበጣን ደንቦች ስለ መሰብሰብና ስለ ማደራጀት

ገበጣ የአንድ ሰው ድርሰት አይደለም። ደንቡን የጻፈ ደራሲ፥ ያጸደቀው ሸንጎም የለውም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በየአገራቸው ሲጨምሩበትና ሲቀንሱለት የኖረ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ሊያጠናው የሚነሣ ሰው ሁሉ፥ ይህን የሕዝብ ጭማሪ በምን ሥርዐት ልያዘው የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት አሊዩ አምባን መመልከት ይበቃል። ከአንኮበር በታች ወደ ምሥራቅ የሚገኘው ይህ ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ማረፊያ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ በዚያ አልፎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ፤ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን ተቀመጠበት። በዐርቡ ገበያ አማራው፥ አርጎባው፥ አፋሩና የሐረር ነጋዴው ይገናኙ ነበር። ከእንዲህ ያለ ገበያ ኹለት የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ለገበጣ ቢቀመጡ፥ ጠጠር ከማንሣታቸው በፊት መስማማት አለባቸው፤ በየጕድጓዱ ስንት ይግባ? በየት በኩል ይዙር? የበላ ሰው ይደግማል ወይስ ተራውን ይለቃል? ስምምነቱ በቃል ነው፤ ጕድጓዱም በአፈር ላይ የተማሰ እንደ ሆነ ገበያው ሲበተን በከብት እግር ይጠፋል።

የውጭ አገር ተጓዦች የተዉት ጽሑፍ ይህን ጕድለት አይሞላም። ቴዎዶር ቤንት በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ 18 ጕድጓድ ያለውን ገበጣ ጠቅሷል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 9 ጕድጓድ፥ በየጕድጓዱም 3 ጠጠር፥ በጠቅላላው 54 መሆኑ ነው። ጕድጓዶቹ እንደ ጎጆ መጠራታቸውንም ሰምቷል። አጨዋወቱን ግን እጅግ የተወሳሰበ ነው ብሎ ሳይማረው ቀረ። ቈጥሮ መሄድ ቀላል ነው! ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች መጽሐፍ አወጣ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ መቶ ያህል የገበጣ ዐይነት ሰብስቦ አተመ። ባለ ሦስት መደዳው ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አለመገኘቱ የሚታወቀው ይህን በመሰለ ሥራ ነው።

ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ምሳሌም ይረዳል። በ1974 በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ፥ ተጫዋቹ በቃል ሌላ ሰው ሆኖ የሚሳተፍበት ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾቹ ወዲያው የየራሳቸውን ደንብ መጨመር ጀመሩ። በ1975 ሊ ጎልድ የተባለች ሴት «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርዠንስ» የሚል መድበል አቋቁማ፥ ከየሰዉ የሚላከውን ገጽ በየስሙ እያያያዘች 50 ዓመት ያህል አሠራጨች። የአንዱ ጭማሪ የሌላውን አልሻረም፤ ክርክሩም ከደንቡ ጋራ አብሮ ታተመ። በርግጥ እነዚያ ወረቀት ነበራቸው።

ለገበጣም ከዚህ የሚሻል መንገድ አይታይም። በስም መመደብ ያሳስታል፤ «ገበጣ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጨዋታ ይሸፍናልና። በመደዳ ቍጥር ብቻ መመደብም አመቺ ይምሰል እንጂ፥ መደዳቸው አንድ ሆኖ አበላላቸው የሚለያየውን ይደባልቃል። ከሁሉ የከፋው ግን «እውነተኛው ገበጣ ይህ ነው» ብሎ ሌላውን እንደ ስሕተት መቍጠር ነው። መዝገቡ መጀመሪያ በቦታና በቋንቋ ይከፈት፤ የጠጠሩ ብዛት፥ አካሄዱ፥ አበላሉና መጨረሻው ከዚያ በኋላ በማውጫ ይነጻጸር። የተጫዋቹም ቃል አይለወጥ። ፓንክረስት ከመዘገባቸው አንዱ «ላም ወለደች» ይባላል፤ ይህን ስም «ዐይነት ለ» ብሎ የጻፈ ሰው ላሚቱንም ጥጃውንም አጥቷል።

ሰብሳቢው አሊዩ አምባን ወደ መሰለ ገበያ ቢወርድ፥ ኹለት የልዩ ልዩ ቀበሌ ሰዎችን በአንድ ገበጣ ፊት አስቀምጦ፥ ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በፊት የሚከራከሩትን ይጻፍ።