በ10 ወር ውስጥ 3 ገና

ኮሎኔል ሸርማን ፖተር የተባሉት አዛዥ በኮርያ ጦር ሜዳ ወደነበረው 4077ኛው ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የደረሱት ሴፕቴምበር 19 ቀን 1952 ነው። የኮርያ ጦርነት የተኩስ ማቆም ስምምነት የተፈረመው ደግሞ ጁላይ 27 ቀን 1953 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ኮሎኔሉ በዚያ ሥፍራ የቆዩት 10 ወር ከጥቂት ቀን ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገና የሚውለው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ኮሎኔሉ ሦስት ጊዜ የገና ሰሞንን በኮርያ ሲያሳልፉ እናያቸዋለን።

ውድ አንባቢ፤ ኮሎኔል ፖተር በሕይወት የነበሩ ሰው አይደሉም። «ማሽ» የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የፈጠራቸው ናቸው። «ማሽ» ከሴፕቴምበር 1972 እስከ ፌብሩዋሪ 1983 ድረስ በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ በ256 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። የታሪኩ መነሻ በ1968 የታተመ ልብ ወለድ ነው። የመጽሐፉ ደራሲም በኮርያ በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ያገለገለ ሐኪም ነበር።

የዚህ ትዕይንት ወዳጆች ከሣቁና ካለቀሱ በኋላ አንድ ሌላ ጨዋታ አላቸው፤ ይኸውም ታሪኩ ከራሱ ጋር የሚጋጭበትን ቦታ እየፈለጉ ማውጣት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የሥራ ፈት ሥራ ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስሕተቶቹ ከየት እንደሚመጡ ማስረዳትና ጨዋታውም ከቁም ነገር የሚቈጠርበት ምክንያት እንዳለ ማሳየት ነው።

ግጭቶቹን በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን ከተዋንያን መለዋወጥ የሚመጣ ነው። የሠራዊቱ ቄስ አባ ማልኬሂ በመጀመሪያው ክፍል አንድ መልክ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ተዋናይ ገብቶ እስከ ፍጻሜው ቄሱ እርሱ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የሚብሰው የሃሪ ሞርጋን ነገር ነው። ይህ ተዋናይ በሴፕቴምበር 1974 አእምሮው የተናወጠ ጄኔራል ሆኖ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። በዓመቱ ደግሞ ኮሎኔል ፖተር ሆኖ ተመልሶ አዛዥነቱን ተረከበ። ከሆስፒታሉ ሰዎች መካከል ግን «ጌታዬ፤ አምና አንድ እርስዎን የሚመስል ጄኔራል መጥቶ ነበር» ያለ አንድ እንኳ አልተገኘም።

ሁለተኛው ወገን ደራሲያኑ ሐሳባቸውን ከመለወጣቸው የሚነሣ ነው። ዋናው ባለታሪክ ዶክተር ሆክአይ ፒርስ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እናቱም እኅቱም በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። በኋለኞቹ ክፍሎች ግን እናቱ ገና በልጅነቱ የሞተችበት፣ ወንድምም እኅትም የሌለው፣ አባቱ ብቻውን ያሳደገው ልጅ ሆኗል። የፊተኛው አዛዥ የሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ሚስትም መጀመሪያ ሚልድሬድ ነበረች፤ ኋላ ሎሬን ሆነች። ሚልድሬድ የሚለው ስም ደግሞ ለኮሎኔል ፖተር ሚስት ተሰጠ፤ ስሙ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ለተተኪው አዛዥ ወጪ የተደረገ ይመስላል።

የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ክፍል የሚሠራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ደራሲያኑ ብዙዎች ናቸው፤ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ እንዲያልቅ የታሰበ ነበር። ተመልካቹም በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያይ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተባለውን መልሶ የሚያመሳክርበት መንገድ አልነበረውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተጻፈው የተፈታው ክፍሎቹ በየቀኑ እየተደጋገሙ ሲታዩና በካሴት ሲሸጡ ነው። የመጀመሪያውንና የዘጠነኛውን ዓመት ክፍል በአንድ ማታ ጎን ለጎን ያየ ሰው ደራሲው የረሳውን ያስታውሳል።

ሦስተኛው ወገን የዘመን ግጭት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። የኮርያ ጦርነት ከጁን 25 ቀን 1950 ጀምሮ የቆየው 3 ዓመት ከ1 ወር ነው። ትዕይንቱ ግን 11 የትርዒት ዘመን ቆየ። ሆክአይን የተጫወተው አለን አልዳ ሥራውን ሲጀምር የ36 ዓመት ሰው ነበር፤ ሲፈጽም 47 ዓመት ሆኖት ጠጕሩም ሸብቷል። ፖተር ካሉባቸው ክፍሎች መካከል በ1978፣ በ1980ና በ1981 መጨረሻ የታዩት ሦስቱ የገናን ሰሞን የሚያሳዩ ናቸው፤ የመጨረሻው በገና ማግስት የሚውል ነው። በመግቢያችን ላይ ያነሣነው የገና ቍጥር የመጣው ከዚህ ነው። በዲሴምበር 1980 የታየ ሌላ ክፍል ደግሞ ከ1950 የዘመን መለወጫ ዋዜማ እስከ 1951 ዋዜማ ያለውን አንድ ሙሉ ዓመት ይተርካል፤ በዚያም ውስጥ አዛዡ ኮሎኔል ፖተር ናቸው! ይህ ማለት ከመድረሳቸው ከ20 ወር በፊት እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ስሕተት ከመዘንጋት ብቻ የመጣ አይመስልም። ትዕይንቱ ሲጀምር አሜሪካ በቪየትናም ጦርነት ውስጥ ነበረች። በድንኳኑ ውስጥ የሚነገረው ምሬት፣ ጦርነቱ ማለቂያ የለውም የሚለው ስሜት፣ ከ1950ዎቹ ይልቅ የ1970ዎቹ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ የኮርያ ሰዓት አልነበረም፤ ተመልካቹ በቤቱ የሚቈጥረው ሰዓት ነበር። የተራዘመ ጦርነት የሰለቸው ሕዝብ፣ የሦስቱን ዓመት ጦርነት 11 ዓመት አድርጎ ቢያየው አልተገረመም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር ላስታውሰው እወዳለሁ።

አንደኛ፤ ከትዕይንቱ ክፍሎች ሁሉ እጅግ የሚታወሰው፣ ማርች 18 ቀን 1975 የታየው፣ «አቢሲንያ፣ ሄንሪ» ይባላል። ስሙን ሰምቶ የሀገራችን ነገር ይነገርበት ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይታለላል። «አይል ቢ ሲይንግ ዩ» የሚለው የእንግሊዝኛ መሰነባበቻ በፍጥነት ሲነገር «አቢሲንያ» ስለሚመስል የተፈጠረ የቃላት ጨዋታ ነው። በዚያ ክፍል ሄንሪ ብሌክ ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ሲጓዝ አይሮፕላኑ ተመትቶ በጃፓን ባሕር ላይ ይወድቃል። አብዛኞቹ ተዋንያን መሞቱን የሚናገረውን ገጽ ያዩት የመጨረሻው ትርዒት ሊቀረጽ ሲል ነበር ይባላል።

ሁለተኛ፤ በዚያ ጦርነት ውስጥ እውነተኛ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። 1ኛው ቃኘው ሻለቃ ፑዛን ወደብ የደረሰው በሜይ 1951፣ ማለት በእኛ በ1943 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ከ3,000 በላይ ሰው ዘመተ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። እስቲ ከእነዚህ አንዱ በ1951 መከር ቈስሎ ወደ 4077ኛው ሆስፒታል መጣ እንበል። አዛዡ ማን ነው? እንደ አንዱ ክፍል ፖተር ናቸው፤ እንደ ሌላው ገና ብሌክ ነው። ለልብ ወለዱ መልሱ ምንም አይደለም። የዚያ የቈሰለው ሰው ቀን ግን አንድ ነው፤ በየትርዒት ዘመኑ አይለጠጥም። የሞተው ወታደርም ሦስት ገና አልነበረውም።

የስሕተት ፍለጋው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የታሪክ ተማሪ ዜና መዋዕል ሲያነብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለት ቅጂዎች ስለ አንድ ንጉሥ የተለያየ ቀን ቢሰጡ፣ ግጭቱን ሸፍኖ አያልፍም፤ ጸሐፊው የት እንደደከመው፣ የት ሌላ እጅ እንደገባ፣ የት ደግሞ የራሱን ዘመን ሐሳብ በጥንቱ ዘመን ላይ እንደጫነ የሚያሳየው ያ ግጭት ነውና። በጋዜጣና በንግግር ላይም እንዲሁ ነው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ከሚባለው ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው በቀላሉ አይታለልም። በኮሜዲ ላይ የተለማመደ ዓይን ነገ በከባዱ ላይ ይሠራል።

ደራሲያኑንም በደፈናው መንቀፍ ተገቢ አይመስለኝም። የሄንሪን ሚስት ስም ለወጡ፤ የሆክአይን እናት ገደሉ፤ እኅቱን አጠፉ፤ ገናን አበዙ። የሄንሪን ሞት ግን አልሻሩትም። ከዚያ ቀን በኋላ በቀሩት ስምንት የትርዒት ዘመናት ሁሉ ሄንሪ የሞተ ሰው እንደሆነ ቀረ። ስለ ጦርነት የሚተርክ ሥራ ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል። ሊረሳ የማይገባውን አንዱን ነገር እንዳልረሳ ለማወቅም ቢሆን፣ የረሳውን ሁሉ ቈጥሮ ማየት ያስፈልጋል።