አራተኛው ያልመጣበት ዶሚኖ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ዶሚኖ የት እንደሚጫወቱ ለማወቅ ጆሮ ይበቃል። ከማንጎው ጥላ ስር ጠጠሩ ጣውላ ላይ «ጧ!» ብሎ ሲያርፍ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ክርክሩ ደግሞ ወዲያው ይከተላል። አላፊው «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ቢሰጥ መልስ ያገኛል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። በበጋው ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲነካ ከባሮ ወንዝ ዳር ዛፎች ጥላ መውጣትም ለማንም አይጥምም።

ጨዋታው በወጉ የአራት ሰው ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋር ናቸው፣ ሁለት ለሁለት። ጠጠሮቹ 28 ናቸው፤ 21ዱ ሁለት ዳይ ሲጣል የሚወጡት ጥንዶች ሲሆኑ ሰባቱ ባዶ ያለባቸው ናቸው። ይበወዛል፣ ሰባት ሰባት ይታደላል፣ የሚተርፍ የለም።

የጥበቡ ሁሉ መሠረት ይህ «የሚተርፍ የለም» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በሰባት ጠጠሮች ላይ ይገኛል። አምስት ቁጥር ካለባቸው አምስቱ ከወረዱና አንዱ እኔ ዘንድ ካለ፣ ሰባተኛው የግድ ከሦስቱ ሰዎች በአንዱ እጅ ነው። ቀደም ሲል አምስት ተከፍቶለት፣ የሚገጥም አጥቶ «ፓስ» ያለ ሰው ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣል። አጋሬም ፓስ ካለ የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ነው፤ እሱን ለማስራብ ምን መዝጋት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጥሩ ተጫዋች ከራሱ ጠጠር ይልቅ የሌላውን ፓስ ያስታውሳል።

እንግዲህ አራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ደንበኛ አግኝቶ ተነሣ እንበል። ለሦስት ሰው ሰባት ሰባት ሲታደል ሰባት ጠጠር ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። የማላያቸው ጠጠሮች እንደ ቀድሞው 21 ናቸው፤ አሁን ግን ከእነዚህ ሲሶው ማንም ዘንድ የለም። ሁለት ብቻ ከሆንን 14ቱ ይተኛሉ፣ ማለትም ከማላየው ከሦስቱ ሁለት እጅ። ያ ሰባተኛው አምስት በጠላቴ እጅ ይሁን በክምሩ ውስጥ መናገር አልችልም። ብዙዎች በሦስት ሲጫወቱ «ዛሬ ዕድል ከዳኝ» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ የከዳቸው ቆጠራው ነው። አጋርም የለም። ሁሉም ለራሱ ይጫወታል፤ አንዱ በነጥብ ሲመራ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይተባበሩበታል። ጨዋታው ቶሎ ቶሎ ስለሚዘጋም ስድስት ስድስትንና መሰሎቹን ከባድ ጠጠሮች አቅፎ መቆየት አያዋጣም፤ ሲዘጋ የሚያሸንፈው እጁ ላይ ትንሽ ነጥብ የቀረው ነው።

ለሦስት ሰው የተሻለ መላ አለ። ባዶ ባዶውን አውጥቶ 27ቱን ዘጠኝ ዘጠኝ ማደል ነው። ያኔ የሚተኛ ጠጠር አይኖርም፣ ቆጠራውም ይመለሳል። እኔ ብጠየቅ በሦስት ሌላ አጨዋወት አልመርጥም።

በሁለት ሲሆን የተለመደው ከክምሩ መሳብ ነው፤ የሚገጥም የሌለው እስኪያገኝ ይስባል። ይህ ሰነፍ የሚመስል ደንብ ብዙ ይናገራል። ጫፎቹ አምስትና ሁለት ናቸው። ተቃራኒዬ ሦስት ጠጠር ስቦ ዝም አለ፤ አራተኛው አምስት አራት ሆነለትና ከአምስቱ ጋር ገጠመው። ጫፎቹ አሁን አራትና ሁለት ሆኑ። እጁ በሦስት ጠጠር ከብዷል፣ ግን ከያዛቸው ሁሉ አንድም አምስት፣ አንድም ሁለት እንደሌለ ራሱ ነግሮኛል። እኔ ዘንድ አራት ሁለት ካለ በአራቱ በኩል አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለቱም ጫፍ ሁለት ይሆንና ሰውየው ደግሞ ወደ ክምሩ እጁን ይዘረጋል።

ሁለት ሰዎች የአራቱንም እጅ ሲጫወቱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ የራሱንና የቀረውን አጋሩን እጅ ይይዛል፤ ጠጠሮቹ ሳይደባለቁ ተራው እንደ አራት ሰው ይዞራል። የራሴን 14 ስላየሁ የሌላው 14 የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የተሰወረብኝ በሁለቱ እጆቹ እንዴት እንደተከፈሉ ብቻ ነው። በአራት ሰው እንኳ ይህን ያህል አይታወቅም። በዚህ አጨዋወት ዶሚኖ ወደ ገበጣ ይጠጋል፤ ገበጣ ላይ ሁሉም ጠጠር ፊት ለፊት ይታያል፣ ለሁለት ሰውም የተሠራ ነው። ቀልድና ጫጫታው ግን ይቀንሳል፤ የሚወቀስ አጋር የለማ!

ባጃጅ ነጂው ሲመለስ የተጀመረው ዙር እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ስለ ነጥብ ጭቅጭቅ ይነሣል። በሦስት ሲጫወቱ ነጥቡ የየግል ነበር፤ ለጥንድ እንዴት ይደመራል? ትክክሉ ከዜሮ መጀመር ነው፤ ሲመራ የነበረው ሰው ግን በዚህ የሚስማማው ብዙ ከተለመነ በኋላ ነው።