እርሾ የማይገባበት ዳቦ

ዳቦ ለመጋገር ምን ምን ያስፈልጋል? ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ትላላችሁ። እውነት ነው። በአገራችን ድፎ ዳቦ የምትጋግር እናት ሊጡን አቡክታ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። እርሾው ካልሠራ ዳቦው ድንጋይ ይሆናል። ነገር ግን እርሾ ሳይገባበት ኩፍ የሚል፣ ተቦክቶ ተጋግሮ ለመቅረብ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይፈጅ ዳቦ አለ። ይህ ዳቦ የሶዳ ዳቦ ይባላል። አገሩም አየርላንድ ነው።

አየርላንድ በአውሮፓ ምዕራብ፣ ከእንግሊዝ አገር ባሕር ማዶ ያለች ደሴት ናት። ዝናብ አያጣትም። ሣሯ ለምለም ስለሆነ ከብት ይረባባታል፤ ወተትና ቅቤም አለ። ስንዴዋ ግን በእርጥበትና በብርድ የሚበቅል በመሆኑ ልል ነው። ሊጡ ሲለጠጥ ቶሎ ይበጠሳል። እርሾ የሚፈጥረውን አየር ለብዙ ሰዓት አምቆ ለመያዝ አቅም ያንሰዋል። በዚያ ላይ በድሃ ገበሬ ቤት የዳቦ ምድጃ አልነበረም።

ታዲያ መላው የተገኘው በሶዳ ነው። ኒኮላ ለብላን የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 ከተራ ጨው ሶዳ የሚሠራበትን ዘዴ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሶዳ በፋብሪካ በብዛት ይወጣ ጀመር፤ ዋጋውም ረከሰ። ከ1830ዎቹ ጀምሮ የአየርላንድ እናቶች በሶዳ መጋገር ያዙ።

በዚያን ጊዜ ግን የድሃው ገበሬ ዋና ምግብ ድንች ነበር። መሬቱ የባለርስቶች ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ የመሬት ኪራይ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ድንች ይበላል። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። ቅጠሉ ጠቆረ፤ ፍሬው መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ረሃቡ እስከ 1852 ቆየ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ የረሃብ ዘመን እንኳ እህል በመርከብ እየተጫነ ከአገር ይወጣ ነበር። በአንድ ሰብል ብቻ ተማምኖ መኖር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከረሃቡ በኋላ የሶዳ ዳቦ በየገበሬው ቤት የዕለት ምግብ እየሆነ ሄደ።

ሶዳ ሊጡን የሚያነሣው እንዴት ነው? ሶዳ ብቻውን በደንብ አይሠራም። ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። ቅቤ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ኮምጣጣ ነው። ሶዳና አሬራ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይፈጠራል። ጠላ ሲፈላ ሽቅብ የሚወጣውም ይኸው አየር ነው። እርሾ ይህን አየር የሚያወጣው ቀስ እያለ ነው። ሶዳ ግን ወዲያውኑ ያወጣዋል። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ፣ በአንድ ማንኪያ አሬራ ላይ ቁንጥር ሶዳ ጨምሩ። አረፋው ቱግ ሲል ታያላችሁ።

አሠራሩ በየቤቱ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ብዙዎቹ የሚለኩት በእጃቸውና በዓይናቸው ነው። ለጀማሪ ግን መጠኑ እንዲህ ነው።

ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፤
አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ሶዳ፤
አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፤
ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ አሬራ።

በመጀመሪያ እሳቱን አዘጋጁ። ቀጥሎ ሶዳውን ከዱቄቱ ጋር ንፉት። ሶዳው አንድ ቦታ ከተጓጎለ ዳቦው እዚያ ላይ ቢጫ ሆኖ ይመራል። ጨውን ጨምሩ። መካከሉን ጎድጎድ አድርጉና አሬራውን አፍስሱበት። በእጅ ቶሎ ቶሎ አዋህዱት። እንደ ሌላው ዳቦ ማሸት አያስፈልግም። ከታሸ ይደርቃል። ከቆየም አየሩ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ እሳቱ ሊጡን ይጠብቅ እንጂ ሊጡ እሳቱን አይጠብቅ።

ሊጡን ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ክብ አድርጉት። ከላይ በቢላዋ በመስቀል ቅርጽ ጠለቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። ለምን ይቆረጣል? ሙቀቱ ወደ መካከሉ እንዲገባ ነው። ሲበስልም አራት ቦታ ለመቁረስ ይመቻል። አንዳንዶች ደግሞ መስቀሉ በረከት ነው፣ ክፉ መንፈስ ያርቃል ይላሉ።

የአየርላንድ ሰዎች በቀድሞ ዘመን የሚጋግሩት ክዳን ባለው የብረት ድስት ነበር። ድስቱን እሳት ላይ ይጥዱና በክዳኑ ላይ ፍም ይደረድራሉ። «ከላይ እሳት ከታች እሳት፣ እንደ ድፎ ዳቦ» የምንለው አይደለም እንዴ? ማገዷቸው ከረግረግ መሬት ተቆፍሮ የደረቀ፣ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል የሞላበት አፈር ነው። በሰሜን በኩል ያሉት ደግሞ ሊጡን አራት ከፍለው በብረት ምጣድ እንደ ቂጣ እያገላበጡ ይጋግሩታል።

ዳቦው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። መብሰሉን ለማወቅ ገልብጣችሁ ታችኛውን በጣት ምቱት። እንደ ባዶ ቅል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። የሶዳ ዳቦ ቶሎ ስለሚደርቅ በዕለቱ ቢበላ ይሻላል።

ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አየርላንዳውያን ይህን ዳቦ ይዘው ሄዱ። እዚያ ስኳር፣ ዘቢብ፣ ቅቤና እንቁላል ተጨመረበት። በየዓመቱ መጋቢት 8 ቀን፣ የአገራቸውን ቅዱስ የፓትሪክን በዓል ሲያከብሩ ይጋግሩታል። አገሩን የተለየ ሰው የእናቱን ዳቦ አይረሳም።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሶዳ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የሚገድል ነገር ነው። ለምግብ የሚሆነው «ቤኪንግ ሶዳ» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ጽሑፍ የሌለበትን፣ በላስቲክ የተቋጠረውን ለምግብ አትግዙ። ኮስቲክ ሶዳ ቤታችሁ ካለም ከማድ ቤት አርቃችሁ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ማንበብ መማር ከሚሰጠን ጥቅም አንዱ ይህ ነው፤ ጠላትና ወዳጅ በአንድ መልክ ሲመጡ ለይተን እናውቃለን።

ጥያቄዎች
1. ሶዳ ያለ አሬራ በደንብ የማይሠራው ለምንድን ነው?
2. ሊጡ ተቦክቶ ብዙ ከቆየ ምን ይሆናል?
3. የምግብ ሶዳን ከኮስቲክ ሶዳ በምን ትለያላችሁ?