አንድ ስሌት ለደባርቅም ለዛሪማም

ደባርቅ ላይ ብርድ፣ ዛሪማ ላይ ወባ፤ በመካከላቸው የሊማሊሞ ቁልቁለት። የወባን ስርጭት በኮምፒውተር የሚያሰላ ባለሙያ ታዲያ ለሁለቱ ከተሞች ሁለት ፕሮግራም ይጽፋል? አይጽፍም። ሞዴሉን ከመጀመሪያው ከፋፍሎ ከሠራው፣ አንዱ ክፍል ለደጋውም ለቆላውም ያገለግላል።

የወባ ሞዴል ቢያንስ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ሰው፣ ትንኝና የወባ ተሕዋሲ። የአሠራሩ ሥር ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በማረጋገጡ በ1902 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮናልድ ሮስ ነው።

ከክፍሎቹ አንዱን እንየው፤ ተሕዋሲው ትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድግበትን። ይህ ክፍል የሚጠይቀው ሙቀትን ብቻ፣ የሚመልሰው የቀን ብዛትን ብቻ ነው። ፋልሲፓረም ለተባለው ዝርያ ከሙቀቱ ላይ 16 ይቀነሳል፤ 111 ለቀሪው ይካፈላል። በ26 ዲግሪ 11 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ 55 ቀን ተኩል ይሆናል። በ16 ዲግሪና ከዚያ በታች ዕድገቱ ይቆማል፤ የደባርቅ አማካይ ሙቀት ደግሞ ከዚህ በታች ነው። ቫይቫክስ ለተባለው ሌላ ዝርያ ሁለቱን ቁጥሮች በ105 እና በ14.5 መተካት ይበቃል፤ ቀመሩ አይነካም።

የቀኑን ብዛት የትንኟ ክፍል ይረከባል። በየቀኑ ከ100 ትንኞች 90ዎቹ ለማግሥቱ ይተርፋሉ ብንል፣ 11 ቀን የሚቆዩት 31 ያህሉ ናቸው፤ 28 ቀን የሚቆዩት ግን 5 ብቻ። ተሕዋሲው ሳያድግ ትንኟ ትሞታለች ማለት ነው። እንግዲህ ከ18 ወደ 20 ዲግሪ መውጣት ለደጋ አፋፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። በ1958 እ.ኤ.አ. ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት ባለበት ዓመት፣ በኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል።

የመከፋፈሉ ብልኃት ጥቅሙ አዲስ ነገር ሲመጣ ይታያል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች እንግዳ ትንኝ ተገኘች። ነባሯ አራቢየንሲስ በዝናብ ኩሬ ስትራባ፣ ይቺኛዋ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያና በርሜል፣ በበጋም ጭምር ትራባለች። ሞዴሉ በክፍል ከተሠራ የሚለወጠው የትንኟ ክፍል ነው፤ የሰውና የተሕዋሲው ባሉበት ይቆያሉ።

ጣጣው ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱ ክፍል በቀን፣ ሌላው በሰዓት ቢቆጥር ኮምፒውተሩ ምንም አይልም፤ የአንዱን ገበያ ቁና በሌላው ገበያ ቁና እንደ መስፈር ነው። ለዚህም ነው በባዮሎጂ ሞዴሎች ዓለም ኤስቢኤምኤልና ሴልኤምኤል የተባሉ የጋራ አጻጻፎች የተፈጠሩት፤ መለኪያውን ከቁጥሩ ጋር ለመጻፍ ያስችላሉ። ከመለኪያ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ግን የተደበቀ ግምት ነው። የትንኟ ክፍል ሙቀት ዕድሜዋን እንደሚያሳጥር አስቀድሞ አስልቶ ሳለ፣ ሌላው ክፍል ያንኑ ደግሞ ቢያሰላ አንድ ነገር ሁለቴ ይቆጠራል። ውጤቱም ትክክል መስሎ ይወጣል።

ደግሞ ያልተገጠመ ክፍል አለ። ከሁመራና ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የሚመለስ የደጋ ሰው ወባን በደሙ ይዞ ይገባል። የሰው እንቅስቃሴ ያልተጨመረበት ሞዴል ለደባርቅ ዜሮ ሕመምተኛ ይተነብያል፤ የትንኟ ስሌት ቢሰምርም ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ዕቅድ አይበጅም።

ስለዚህ ሞዴል የምትጽፉ ተማሪዎች፦ ክፍላችሁ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ በምን መለኪያና በየትኛው ግምት እንደሚሠራ ከቀመሩ አስቀድማችሁ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚረከበው ሰው እናንተን ጠይቆ የሚረዳበት ዕድል ላይኖረው ይችላል።