ስለ ሞተር ጥቀርሻና ስለ ሚኒሞ መንቀጥቀጥ

አውቶሞቢል የትራፊክ መብራት ይዞት በቆመ ጊዜ፥ ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ሲንቀጠቀጥና አልፎ አልፎም ጭራሹን ሲጠፋ ያላየ ሰው በአዲስ አበባ የሚገኝ አይመስለኝም። ባለመኪናው ወደ ጋራዥ በሄደ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ካርቦን ይዟል፤ ቴስታታው ይከፈት» ይባላል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ቴስታታ መክፈት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፥ ቡሎኖቹ በልክ ይጠብቃሉ፥ መኪናውም ሥራ ፈትቶ ይሰነብታል። በታክሲ ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያሉት መኪናዎች ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ጥቀርሻው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ መፍቻ ማንሣት አይገባም።

አስቀድሞ ጥቀርሻው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቤንዚን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠራ ስለ ሆነ፥ 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ነድዶ እንዲያልቅ 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበዛ ካርቦኑ በከፊል ሳይነድ ይቀራል። የፋኖስ ክር ከልኩ በላይ ከፍ ሲል መስተዋቱ እንደሚጠቁር ሁሉ፥ በሞተርም ውስጥ የፒስቶኑ ራስ፥ ቫልቮቹና ካንዴላው ጥቁር ልብስ ይለብሳሉ። ሁለተኛው ምንጭ የሞተር ዘይት ነው። የፒስቶኑ ቀለበቶች ሲያልቁ ወይም የቫልቮቹ ላስቲኮች ሲደርቁ፥ ዘይቱ ሾልኮ እሳቱ ወዳለበት ክፍል ይገባና በድስት ቂጥ ላይ እንደሚጋገር ጥላሸት ይጋገራል።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ለአሮጌ መኪና አትመችም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንደ ድሮው ቮልስ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ግን አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት ብልሐት የለውም፤ ለቆላ በተለካው ቀዳዳ ቤንዚኑን ይሰጣል፥ ድብልቁ ይወፍራል፥ ካንዴላውም ይጠቁራል። ካርቡራቶሩን ለደጋ አየር ማስተካከል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ባለ ኢንጀክተር የሆኑት የዛሬ መኪናዎች የሚገባውን አየርና በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን የሚለኩ መሣሪያዎች ስላሏቸው፥ ኮምፒዩተራቸው ቤንዚኑን እንደ አየሩ ይቀንሳል። መለኪያው ከተበላሸ ግን እነርሱም ከቮልሱ አይሻሉም። በዚህ ላይ የካንዴላ ጫፍ ጥቀርሻውን ራሱ አቃጥሎ የሚያራግፈው ሙቀቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ነው፤ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ በመኪና ሰልፍ መካከል እየቆመ የሚሄድ ሞተር ወደዚያ ሙቀት የሚደርስበት ጊዜ አያገኝም።

አንባቢ ሆይ፥ ሞተሩ ሲሮጥ ደኅና ሆኖ ሲቆም ብቻ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። በሚኒሞ ጊዜ አብዛኛው የአውቶሞቢል ሞተር በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ይዞራል። 800 ነው ብንል፥ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 1,600 ጊዜ ይተኩሳል፤ ከአራቱ አንዱ ቢሰንፍ 400 ምት ይጎድላል ማለት ነው። በሩጫ ጊዜ ቮላኖ የሚባለው ከባድ መንኰራኵር በኀይል ስለሚዞር ጉድለቱን ይሸፍነዋል። በሚኒሞ ጊዜ ግን የሚገባው ድብልቅ ጥቂት፥ የመንኰራኵሩም ኀይል አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ነውሩ ሁሉ ይገለጣል። በመግቢያ ቫልቮቹ ላይ የተጋገረው ጥቀርሻም ሞተሩ ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ እንደ ስፖንጅ ቤንዚኑን ይመጥጣል፤ ማለዳ ማለዳ ብቻ የሚያስቸግር ሞተር ብዙ ጊዜ ይህ ያገኘው ነው። ብዙ ሾፌሮች መብራት ላይ ቤንዚን እየረገጡ ሞተሩን ያስጮኻሉ፤ ይህ በሽታውን መደበቅ ነው እንጂ ማዳን አይደለም።

ምርመራው የሚጀመረው ከካንዴላ ነው፤ ዋጋውም የአንድ መፍቻ ዋጋ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ገመዶቹ እንዳይሳከሩ ቁጥር ሰጥቶ ካንዴላዎቹን በተራ መፍታትና ጐን ለጐን መደርደር ነው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ እሳቱ ደኅና ነው። ደረቅና እንደ ከሰል ዱቄት የሚራገፍ ጥቁር ከሆነ፥ ድብልቁ ወፍሯል፥ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፥ ወይም ብልጭታው ደክሟል። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ እንግዲህ ይህን ሞተር ዛሬ ቢፍቁት ዘይቱ እስካልተከለከለ ድረስ ጥቀርሻው ተመልሶ ይመጣል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ካንዴላ ደግሞ የተቃራኒው ምልክት ነው፤ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከመጠን በላይ ግሏል። አራቱም አንድ ዐይነት ከጠቆሩ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን በዚያ ሲሊንደር ላይ ብቻ መፈለግ ይበቃል።

ጥቀርሻ ሳይኖር የሚንቀጠቀጥም አለ። የተሰነጠቀ የአየር ላስቲክ ቱቦ በሚኒሞ ጊዜ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ ሲያልቅም ደኅናው ሞተር ሳይቀር መላ መኪናውን ያርገፈግፋል። ትሮትል የሚባለው የአየር መክፈቻ ክዳን ሲቆሽሽ ደግሞ ቴስታታ ሳይነካ በማጽጃ ፈሳሽና በጨርቅ ይጸዳል፤ በአንዳንድ መኪናዎች ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሚኒሞውን እንደ ገና እንዲለምድ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከጭሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፥ ሰውንም ይገድላል።

ስለ መድኀኒቱ፥ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመሩት ማጽጃዎች በኢንጀክተርና በመግቢያ ቫልቭ ላይ ያለውን ቀጭን ጥቀርሻ ሊያጸዱ ይችላሉ። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ግን ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቮቹን ስለማይነካቸው፥ በታንከር ውስጥ የተጨመረ ማጽጃ ለእነዚህ ቫልቮች አይጠቅምም፤ የሚጸዱት የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየተረጨባቸው ነው። ምርመራው ሁሉ አልቆ ቴስታታው መከፈቱ ግድ ከሆነ፥ ፒስቶኑ የአሉሚኒየም ስለ ሆነ በብረት አይፋቅም፤ በእንጨት ወይም በናስ መፋቂያ ነው። ቀለበቶቹ የማይለወጡ ከሆነ የቀድሞ መካኒኮች በፒስቶኑ ዳር ዳር ያለውን ቀጭን የጥቀርሻ ክብ ሆን ብለው ይተዉታል፤ ዘይቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዛልና። ፍርፋሪውም ወደ ውሃውና ወደ ዘይቱ መተላለፊያ እንዳይወድቅ፥ ከመፋቁ በፊት ቀዳዳዎቹ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ።